ዓሣ በጎባ ድስት

በባሌዋ ጎባ ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየር ግፊቱ ይቀንሳል፤ ውኃውም መቶ ሳይደርስ ይንተከተካል። ከዚያ በኋላ እሳቱን ቢያነዱት ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። በጎባና በጎረቤቷ ሮቤ ባቄላና ሽምብራ አልበስል ብለው ማገዶ የሚፈጁት ለዚህ ነው።

ዓሣ ግን በደጋው ምንም አይጎዳም። የበሬ ጡንቻ ከባድ ገላ ተሸክሞ ስለሚኖር በጠንካራ ጅማት የታሰረ ነው፤ የዓሣን ክብደት ግን ውኃው ይሸከምለታል። ሥጋውን የሚያያይዘው ስስ ሽፋን በ50 ዲግሪ አካባቢ ይላላል፤ 63 ላይ ሥጋው ነጥቶ በጣት ይላቀቃል፣ ለጤናም አያሰጋም። ስለዚህ 91 ዲግሪ ይተርፈዋል። ባለሙያዋ ባቄላ ላይ የለመደችውን ትዕግሥት ዓሣ ላይ ከደገመችው ፕሮቲኑ ተኮማትሮ ውኃውን ይለቅና ሥጋው ይደርቃል። እኔ እንደማየው አገራችን ውስጥ ዓሣ የሚበላሸው ከጥሬነት ይልቅ ከመጠን በላይ በመብሰል ነው።

ባሌ የራሷ ዓሣ አላት። በዲንሾ አካባቢ እንደ ዌብና ዳንካ ባሉ ወንዞች ውስጥ ያለው ትራውት የተባለው ዓሣ ከኬንያ የመጣ ነው። ቀዝቃዛና ኦክስጅን የበዛበት ውኃ ስለሚወድ የደጋው ወንዝ ተስማምቶታል። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክልል ያለ ፈቃድ ማጥመድ ግን አይቻልም። ገበያ ላይ የሚገኘው በአብዛኛው ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የሚመጣው ቆሮሶ ነው።

ሲመርጡ በአፍንጫ ብቻ አይተማመኑ። የባሕር ዓሣ ሲቆይ የሚከረፋው በሥጋው ውስጥ ያለ አንድ ንጥረ ነገር በባክቴሪያ ስለሚለወጥ ነው፤ በወንዝና በሐይቅ ዓሣ ውስጥ ግን ይህ ንጥረ ነገር በጣም ትንሽ ስለሆነ ሽታው ዘግይቶ ይመጣል። ስንጥቡን ገልጠው ይመልከቱ፤ ደም የመሰለ ቀይ ከሆነ ትኩስ ነው፣ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ይተዉት። ዓይኑ የጠራና ያበጠ ይሁን። ሥጋውን በጣት ሲጫኑት ጉድጓዱ ወዲያው መሙላት አለበት። የቀዝቃዛ ወንዝ ዓሣ በረዶ ውስጥም ቢሆን ብዙ አይቆይም፤ በገላው ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ብርድ የለመዱ ናቸውና። የሞቃት ሐይቅ ቆሮሶ በዚህ ይሻላል።

ቱናን ባሕር በሌላት አገራችን የምናውቀው በቆርቆሮ ታሽጎ ነው። ትኩሱን የሚያገኝ ሰው ከባሕር እስከ ድስት ቅዝቃዜው እንዳልተቋረጠ ይጠይቅ። ሙቀት ላይ የዋለ ቱና ሂስታሚን የሚባል መርዝ ይፈጥራል፤ ፊት ያቀላል፣ ራስ ያማል፣ መቀቀልም ሆነ መጥበስ አያጠፋውም።

ለጥብስ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። የዘይት ሙቀት እንደ ውኃ በከፍታ አይገደብም፤ በዓሣው ውስጥ ያለው ውኃ ግን እዚህ በ91 ዲግሪ ስለሚተን የውስጡ ሙቀት ቀስ ብሎ ይጨምራል። እሳቱ ከበረታ ቆዳው ያርራል፣ አከርካሪው አጠገብ ያለው ሥጋ ጥሬ ይቀራል። ዓሣውን በጨርቅ አድርቀው ጨው ይነስንሱበት፤ ወፍራሙን ጀርባ ሁለት ሦስት ቦታ በቢላ ሸንትረው በመካከለኛ እሳት ይጥበሱት። ለወጥ ከሆነ ቁሌቱ፣ በርበሬውና ቲማቲሙ ቀድመው በደንብ ይብሰሉ፤ ዓሣው መጨረሻ ላይ ይግባ፣ ሥጋው ከአጥንቱ መላቀቅ እንደጀመረም ድስቱ ይውጣ።