የአረጋውያን ቤት በብርድ ወራት

ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት ሙቀቱን የመጠበቅ አቅሙ ይቀንሳል። ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ይሳሳል፣ ጡንቻ ይመነምናል፣ የደም ዝውውር ይዳከማል። እንደ ስኳርና የታይሮይድ ዕጢ ያሉ ሕመሞች፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም ጭምር ብርድን የመቋቋም ኃይልን ያሳጣሉ። ከሁሉ የሚከፋው ብዙ አረጋውያን መብረዳቸውን በጊዜ አለማወቃቸው ነው። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መውረዱ ሃይፖተርሚያ ይባላል፤ ይህም በበረዶ ላይ ለወደቀ መንገደኛ ብቻ የሚደርስ አደጋ አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የእርጅና ጥናት ተቋም እንደሚያስጠነቅቀው፣ የቤቱ ሙቀት ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ፋራናይት (ከ16 እስከ 18 ሴልሺየስ ገደማ) ቢሆን እንኳ አንድ አረጋዊ በገዛ ቤታቸው ተቀምጠው ሊጎዱ ይችላሉ። ተቋሙ የሚመክረው ቴርሞስታቱ ቢያንስ ከ68 እስከ 70 ፋራናይት እንዲሆን ነው።

ወጪ ለመቀነስ ለሁሉም ሰው የሚሰጠው የተለመደ ምክር እዚህ ላይ አይሠራም። የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር ቴርሞስታትን በቀን ለ8 ሰዓት ያህል ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ፋራናይት ዝቅ ማድረግ በዓመት እስከ 10 በመቶ ወጪ እንደሚያስቀር ይናገራል። ለጤነኛ ጎልማሳ መልካም ነው። ለ80 ዓመት እናት ግን ሌሊቱን ሙሉ በ60 ዲግሪ ማደር ቁጠባ ሳይሆን አደጋ ነው። አረጋዊን መርዳት የሚፈልግ ሰው ሙቀቱን ከመቀነስ ሳይሆን ሒሳቡን ከማቅለልና ሙቀት የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ከመድፈን መጀመር አለበት።

በሚኒሶታ፣ በዴንቨር፣ በሲያትልና በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አረጋውያን ጉዳዩ አንድ ተጨማሪ ገጽታ አለው። ደጋ አገር ያደገ ሰው ብርድን የሚያውቀው በጋቢ፣ በእሳት ዳርና በትኩስ ቡና ነው፤ ቤቱን በሙሉ ማሞቅ ብክነት ይመስለዋል። ሂተሩን አጥፍተው፣ ካፖርት ደርበው፣ ‹‹ልጆቼን ላላስቸግር›› ብለው የሚቀመጡ ወላጆች ጥቂት አይደሉም። ይህ ጨዋነት ነው፤ ነገር ግን ከዜሮ በታች በሚወርድ ብርድ ጋቢ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ቤቱ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ልጆችና ጎረቤቶች ራሳቸው ቢያዩ ይሻላል። ርካሽ የግድግዳ ቴርሞሜትር ከወላጅ ወንበር አጠገብ መስቀል ብዙ ይረዳል።

ለሒሳቡ ዋናው የመንግሥት ድጋፍ በአጭር ስሙ ላይሂፕ የሚባለው፣ በ1981 በሕግ የተቋቋመው ፕሮግራም ነው። ገንዘቡ ከፌዴራል መንግሥት ይመጣል፤ የሚያከፋፍሉት ግን ክፍለ ግዛቶች ናቸው፤ ስለዚህ የገቢው ጣሪያ፣ የሚሰጠው መጠንና የማመልከቻው ጊዜ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በፌዴራሉ ሕግ መሠረት የቤተሰቡ ገቢ ከድህነት መስመሩ 150 በመቶ ወይም ከክፍለ ግዛቱ መካከለኛ ገቢ 60 በመቶ፣ ከሁለቱ ከሚበልጠው ማለፍ የለበትም። አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ቤቶች ቅድሚያ ይሰጣቸዋል። ገንዘቡ አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ወደ ጋዝ ወይም መብራት ድርጅቱ ይገባል። እንደ ገቢ ስለማይቆጠርም የምግብ ድጋፍን ወይም ሌላ የሚያገኙትን ጥቅም አይቀንስባቸውም። ይህን ብዙዎች ስለማያውቁ፣ ያለውንም እንዳያጡ ፈርተው ማመልከት ይተዋሉ።

ላይሂፕ አንድ ትልቅ ጉድለት አለው። ብቁ ለሆነ ሰው ሁሉ የሚደርስ መብት አይደለም፤ የተመደበው ገንዘብ ሲያልቅ ያበቃል። ብቁ ከሆኑት ቤተሰቦች አብዛኞቹ ምንም ሳያገኙ ይቀራሉ። ብርዱ እስኪበረታ መጠበቅ ብዙ ጊዜ ያስከፍላል፤ በመከር፣ ማመልከቻው እንደተከፈተ መግባት ይሻላል። በአንዳንድ ክፍለ ግዛቶች አረጋውያን ከሌላው ቀድመው እንዲያመለክቱ ይፈቀድላቸዋል። የሚጠየቁት ሰነዶች በአብዛኛው መታወቂያ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የቅርብ ወራት የገቢ ማስረጃ፣ የኪራይ ውልና የመጨረሻው ቢል ናቸው። ግሪን ካርድ ያላቸው ሰዎችም በአብዛኛው ማመልከት ይችላሉ። የት እንደሚኬድ የማያውቅ ሰው በብዙ ቦታ 211 ደውሎ መጠየቅ ይችላል። ቋንቋም እንቅፋት መሆን የለበትም፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ቢሮዎች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ መጠየቅ ይቻላል። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት በአማርኛ አገልግሎት ትሰጣለች።

ሒሳቡ ተጠራቅሞ ሊቋረጥ ሲል ወይም ተቋርጦ ሲገኝ ላይሂፕ የአስቸኳይ ጊዜ ክፍል አለው። ሕጉ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ በ18 ሰዓት ውስጥ መፍትሔ እንዲሰጥ ያዛል። በብርድ ወራት ማሞቂያን መቁረጥን የሚገድቡ ክፍለ ግዛቶችም አሉ። በሚኒሶታ ይህ ሕግ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ይሠራል፤ ጥበቃውን ለማግኘት ግን ደንበኛው ለድርጅቱ ደውሎ በአቅሙ የሚከፍለውን መጠን መስማማት ይኖርበታል። ማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ ሳይከፍቱ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ይህን መብት ያሳጣል። ቢሉ በጃንዋሪ እንዳያስደነግጥ የዓመቱን ወጪ በ12 ወራት እኩል ከፍሎ የሚያስከፍል ዘዴ ካለ ድርጅቱን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ጡረታቸው በየወሩ እኩል ለሚመጣላቸው ሰዎች ይስማማል።

ላይሂፕ የዘንድሮውን ሒሳብ ይከፍላል፤ የከርሞውን ግን አይቀንስም። ለዚያ የተቋቋመው ሌላ ፕሮግራም ነው፤ በ1976 የተጀመረውና ዌዘራይዜሽን የሚባለው። ይህኛው ቢል አይከፍልም፤ ቤቱን ራሱን ያድሳል። ገቢያቸው ከድህነት መስመሩ እስከ 200 በመቶ የሆነ ሰዎች በነፃ ይገለገሉበታል፤ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑትም ቅድሚያ አላቸው። ባለሙያው መጥቶ በበሩ ላይ ትልቅ ማራገቢያ ይገጥማል። ማራገቢያው አየሩን ወደ ውጭ ሲስብ ብርዱ በየትኛው ስንጥቅ እንደሚገባ ይጋለጣል። ሞቃት አየር ሽቅብ ስለሚወጣ በጣሪያው ሥር ባሉ ክፍተቶች ያመልጣል፤ በምትኩ ቀዝቃዛው ከታች በበርና በወለል በኩል ይገባል። ስለዚህ ሠራተኞቹ አብዛኛውን ጊዜ ከጣሪያው ይጀምራሉ፤ ቀዳዳውን ደፍነው ሙቀት የሚይዝ ንጣፍ ያለብሱታል። ፈርነሱን ይመረምራሉ፣ አስፈላጊ ከሆነ ይጠግናሉ ወይም ይለውጣሉ። ተከራይም በአከራዩ ፈቃድ ሊገለገል ይችላል፤ ደንቡ አከራዩ በዚህ ሥራ ምክንያት ብቻ ኪራይ እንዳይጨምር ይከለክላል። ወረፋው ረጅም ስለሚሆን ቶሎ መመዝገብ ይጠቅማል።

ወረፋው እስኪደርስ ቤተሰብ በአንድ ቅዳሜ የሚሠራቸው ነገሮች አሉ። በበሩ ሥር የሚለጠፍ የጎማ መዝጊያ፣ በመስኮቱ ዙሪያ የሚደፈን ሙጫና በጸጉር ማድረቂያ የሚወጠር ግልጽ ፕላስቲክ በጥቂት ዶላር ይገኛሉ። የፈርነሱ ማጣሪያ አቧራ ሲሞላ ማሽኑ ይደክማል፤ መለወጥ ቀላል ነው። ሙቀት የሚወጣበትን የወለል ወይም የግድግዳ ቀዳዳ በሶፋና በመጋረጃ አለመሸፈን፣ ፀሐይ ባለችበት ቀን የደቡብ መስኮቶችን መጋረጃ ከፍቶ ሲመሽ መዝጋትም ምንም ወጪ የለውም።

ትንሿ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ብዙዎችን ታታልላለች። አብዛኞቹ 1,500 ዋት ይወስዳሉ። ኪሎዋት ሰዓቱ 17 ሳንቲም ቢሆን፣ በቀን 10 ሰዓት ብትሠራ በወር ወደ 76 ዶላር ታስከፍላለች፤ ከዋናው ማሞቂያ ላይ ሲደመር ቀላል አይደለም። ጥቅም የሚኖራት አረጋዊው በአብዛኛው በአንድ ክፍል የሚውሉ ሲሆንና ዋናው ማሞቂያ በዚያው ልክ ሲቀነስ ብቻ ነው፤ ያም ሆኖ ውሃ በቧንቧ ውስጥ በረዶ እንዳይሆን ሌላው ክፍል ጨርሶ መቀዝቀዝ የለበትም። በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ብርድ ልብስ 100 ዋት ያህል ብቻ ስለሚወስድ በተመሳሳይ ሰዓት የወሩ ወጪ 5 ዶላር ገደማ ነው። ስኳር የእግራቸውን ስሜት ያደነዘዘባቸው ሰዎች ግን ሳያውቁት ሊቃጠሉ ስለሚችሉ ከሐኪም ጋር ሳይመክሩ መጠቀም የለባቸውም። ማሞቂያዋ ከመጋረጃና ከአልጋ ቢያንስ አንድ ሜትር መራቅ፣ በማስረዘሚያ ገመድ ሳይሆን በቀጥታ ግድግዳው ላይ መሰካት ይኖርባታል።

በየትኛውም ችግር ጊዜ ከሰል ቤት ውስጥ ለሙቀት መቀጣጠል የለበትም፤ የጋዝ ምድጃም ለዚሁ ተብሎ ተከፍቶ መቆየት የለበትም። የከሰል ጢስ ጣጣ አገር ቤት ለማንም እንግዳ አይደለም፤ ነገር ግን ብርድ እንዳይገባበት ተጠቅጥቆ በተዘጋ የአሜሪካ አፓርታማ ውስጥ አደጋው የከፋ ነው። ከእነዚህ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታትና ማዞር ያስከትላል፣ የተኛ ሰው ደግሞ ሳይነቃ ይገድላል። ማስጠንቀቂያ የሚያሰማው መሣሪያ በመኝታ ክፍሉ አጠገብ መኖሩና ባትሪው መሥራቱ በየብርዱ ወራት መግቢያ ይታይ፤ የላይሂፕ ማመልከቻም በየዓመቱ የሚታደስ ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ቀን መጨረስ ይቻላል።