ወደ ውኃ ከመግባት በፊት ሰውነትን ስለ ማሟሟቅ

በጅጅጋና በአካባቢዋ ባሉት ከተሞች የመጠጥ ውኃ እንኳ በድካም የሚገኝ ስለ ሆነ፥ ስለ ዋና መጻፋችን አንዳንድ አንባብያንን ሳያስገርም አይቀርም። ነገር ግን ሰው በአንድ ስፍራ ተወስኖ አይኖርም። ከጅጅጋ ተነሥቶ ካራማራን፥ ባቢሌንና ሐረርን አልፎ፥ የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ ድሬዳዋ የገባ መንገደኛ በዚያ ሙቀት የሆቴል መዋኛ ገንዳ ባየ ጊዜ ልቡ መነሣሣቱ አይቀርም። ለብዙ ሰዓት በመኪና ተቀምጦ እግሩ የደነዘዘ፥ ገላውም በፀሐይ የጋለ ሰው ልብሱን አውልቆ ዘሎ ሲገባ ግን ለአደጋ ይጋለጣል።

ቀዝቃዛ ውኃ የጋለ ገላን በድንገት ሲነካ ሰው ሳይወድ አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ አፉ ከውኃ በታች እንደ ሆነ የሚስበው ውኃውን ነው። የልቡም ምት ይፈጥናል፥ የደሙም ግፊት ከፍ ይላል። ይህ ነገር ለወጣት ቀላል ቢመስልም፥ ዕድሜው ለገፋ፥ ይልቁንም የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ላለበት ሰው ቀላል አይደለም። ጫትም የልብን ምትና የደምን ግፊት የሚጨምር ስለ ሆነ፥ ከቃሙ በኋላ መዋኘትን ፈጽመን አንመክርም።

ስለዚህ አስቀድሞ 10 ደቂቃ ያህል በየብስ ላይ መሥራት ይገባል። በገንዳው ዙሪያ ፈጠን ብሎ መራመድ፥ ክንድን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያዞሩ ትከሻን ማፍታታት፥ ወገብንና ቁርጭምጭሚትን ማዞር ይበቃል። ጡንቻን ለረጅም ጊዜ ወጥሮ መያዝ ግን ለፍጻሜው ይቆይ። ከዚያ በሳሙና መታጠብ ነው፤ በገንዳ ዙሪያ የሚሸተውና ዓይን የሚያቃጥለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው የመድኃኒቱ ክሎሪን ከዋናተኞች ላብና ሽንት ጋር ሲዋሐድ ነው። ወደ ውኃውም በመሰላል ወርዶ፥ ፊትንና ደረትን አርጥቦ፥ የ25 ሜትሩን ገንዳ አራት ጊዜ በዝግታ መዋኘት መልካም ነው።

ልምምዱን በተመለከተ፥ 200 ሜትር በአንድ ትንፋሽ ለመጨረስ ከመታገል ይልቅ 25 ሜትርን ስምንት ጊዜ፥ በየመካከሉ ግማሽ ደቂቃ እያረፉ መዋኘት ለጀማሪ እጅግ ይሻላል። ብዙ ዐዋቂዎች ገና አንዱን ዙር ሳይጨርሱ የሚደክሙት ጉልበት አንሷቸው ሳይሆን ትንፋሻቸውን አፍነው ስለሚይዙ ነው። ፊት በውኃ ውስጥ ሳለ ትንፋሽን በአፍና በአፍንጫ ቀስ እያሉ ማስወጣት፥ ራስ ወደ ጎን ሲዞር መሳብ፤ የዋና ትምህርት ግማሹ ይህ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ከመጥለቅ በፊት ደጋግሞ በኃይል መተንፈስ ግን ያለ ማስጠንቀቂያ በውኃ ውስጥ ራስን ሊያስት ስለሚችል የተከለከለ ይሁን።

ስለ ፍጥነት መጨነቅም አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ዴ ጄኔሮ ኦሊምፒክ የኛው ሮቤል ኪሮስ 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋን በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሴኮንድ ዋኝቶ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰዎች ተሳልቀውበታል። ከተሳለቁት መካከል ያንኑ ርቀት በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱት ስንቶች ይሆኑ?

ከጉዞ እስከ ጉዞ ባለው ጊዜ፥ በጅጅጋ ነፋሻ ማለዳ በፍጥነት መራመድ፥ በቤትም እጅን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ገፋ ለቀቅ ማድረግ ትከሻንና ሳንባን ያዘጋጃል። ይህ ሳይበቃቸው ብርካ ውስጥ መዋኘት የሚያምራቸው ቢኖሩ እንከለክላቸዋለን። በብርካ የተጠራቀመው የዝናብ ውኃ ቤተ ሰብና ከብት የሚጠጣው ነው፤ ግድግዳውም ቀጥ ያለ፥ መያዣ የሌለው ስለ ሆነ ዋና የሚችል ሰው እንኳ ገብቶ ለመውጣት ይቸገራል።