መጸዳጃ ቤት የተጣለ ዋይፕስ የት ይደርሳል?

ዋይፕስ ወይም እርጥብ ሶፍት ዛሬ ሕፃን ካለበት ቤት አይታጣም። በእጅ ቦርሳ ይያዛል፣ መኪና ውስጥ ይቀመጣል፣ የታመመ ለማስታመም፣ ፊት ለማጽዳት፣ ጠረጴዛ ለመወልወል ያገለግላል። ምቹ ነገር መሆኑን ማንም አይክድም። ጣጣው የሚመጣው ከተጠቀምንበት በኋላ ነው፤ ብዙ ሰው መጸዳጃው ውስጥ ጥሎ ውሃ ይለቅበታል። ውሃው ጠርጎ ሲወስደው ነገሩ ያበቃ ይመስላል። ከመሬት በታች ግን ሌላ ታሪክ ይጀምራል። ላለፉት አሥርና አሥራ አምስት ዓመታት ከለንደን እስከ አውስትራሊያ የከተማ አስተዳደሮችን፣ ፍርድ ቤቶችንና ሕግ አውጪዎችን ያነታረከው ጥያቄም ከዚሁ የመነጨ ነው፦ መስመሩ ሲዘጋ ዕዳው የማን ነው? የጣለው ሰው ነው ወይስ እሽጉ ላይ «መጸዳጃ ውስጥ መጣል ይቻላል» ብሎ ጽፎ የሸጠው አምራች?

ለመፍረድ በመጀመሪያ የሁለቱን ዕቃዎች አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። የሽንት ቤት ሶፍት የሚሠራው ከእንጨት ከሚገኙ አጫጭር ጭረቶች ነው። ጭረቶቹ እርስ በርስ የተያያዙት በደረቅነታቸው ነውና ውሃ ሲያገኛቸው ይላቀቃሉ፤ ቱቦ ውስጥ ጥቂት እንደተንገላታ ሶፍቱ ይበታተናል። ዋይፕስ የተፈጠረው ለተቃራኒ ዓላማ ነው። ወራት ሙሉ ውሃ ውስጥ ተነክሮ፣ ታሽጎ ቆይቶ፣ ሲጎትቱትና ሲፈትጉበት እንዳይቀደድ ተደርጎ ይሠራል። ረጃጅም ጭረቶች በከፍተኛ ግፊት በሚረጭ ውሃ እርስ በርስ ተጠላልፈው ጨርቅ ይሆናሉ፤ ከጭረቶቹም ብዙ ጊዜ ፖሊስተር ወይም ፖሊፕሮፒሊን የተባለው ፕላስቲክ ይገኝበታል። ሰው በእጁ ሲይዘው የሚወድለት ጥንካሬ ቱቦ ውስጥ ሲገባ ጠላት የሚሆነው ለዚህ ነው።

የፍሳሽ መስመር በአብዛኛው የሚሠራው በመሬቱ ተዳፋት ነው፤ ውሃው በራሱ ክብደት ይወርዳል። በመንገዱ ላይ የቱቦ መጋጠሚያ፣ ስንጥቅ፣ በስንጥቁ የገባ የዛፍ ሥር ያጋጥመዋል። አንዱ ዋይፕስ እዚያ ይጠለፋል፣ ሁለተኛው በመጀመሪያው ላይ ይጠመጠማል። ከወጥ ቤት የወረደው ዘይትና ስብ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይህንኑ ጨርቅ መያዣ ያደርገዋል። ስቡ ቱቦው ውስጥ ከሚገኘው ካልሲየም ጋር ተዋሕዶ ወደ ጠጣር ሳሙና መሰል ነገር ይለወጣል፤ ዋይፕሱም በግንባታ ውስጥ ብረት ሲሚንቶን እንደሚይዝ ያንን ክምር ከውስጥ ይይዘዋል።

የዚህ ነገር ዝነኛው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 በምሥራቅ ለንደን በዋይትቻፕል ጎዳና ሥር የተገኘው ነው። እንግሊዞች ፋትበርግ የሚሉት ይህ የስብ ቋጥኝ 250 ሜትር ይረዝም ነበር፤ ክብደቱም 130 ቶን ተገምቷል። የተጋገረበት መስመር በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተገነባ የጡብ ዋሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 የቴምዝ ወንዝ ግማት ፓርላማውን ሳይቀር መቀመጫ ባሳጣ ጊዜ፣ ኢንጂነር ጆሴፍ ባዝልጌት ለከተማዋ ሰፊ የፍሳሽ መስመር እንዲገነባ ተደርጎ ነበር። የባዝልጌት ሥራ ዛሬም ለንደንን ያገለግላል፤ ነገር ግን ለሰው እዳሪና ለዝናብ ውሃ እንጂ ለፕላስቲክ ጨርቅ የታሰበ አልነበረም። የከተማዋ የውሃና ፍሳሽ ድርጅት የቴምዝ ዎተር ሠራተኞች የዋይትቻፕሉን ክምር በከፍተኛ ግፊት በሚተኮስ ውሃና በአካፋ እየፈለጡ ለማውጣት ሳምንታት ፈጅቶባቸዋል። ጎንበስ ብለው በጠባብ ዋሻ ውስጥ፣ መርዛማ ጋዝ ሊለቀቅ ይችላል በሚል ስጋት የሠሩት እነዚያ ሰዎች የሌላውን ሰው ስንፍና ነበር በአካፋ የሚዝቁት።

የለንደን ሙዚየም የዚህን ክምር ቁራጭ ወስዶ እ.ኤ.አ. በ2018 ለሕዝብ አሳይቷል። ደርቆ በድርብርብ ሣጥን ታሽጎ የቀረበው ቁራጭ ግራጫ፣ ፍርክስክስ የሚል ድንጋይ ይመስላል። ሣጥኑ ውስጥ እያለ ግን ዝንቦች ተፈለፈሉበት፤ ቆይቶም ሻጋታ አበቀለ። ከተማ ከዓይኑ ያራቀውን ነገር መልሶ በዓይኑ እንዲያየው ማድረጉ ከብዙ የማስጠንቀቂያ ማስታወቂያ የበለጠ ሠርቷል ብዬ አምናለሁ።

መስመሩ ያለ እክል ያለፈውን ዋይፕስ ደግሞ ፓምፑ ይጠብቀዋል። መሬቱ ወደ ማጣሪያ ጣቢያው በማይወርድበት ቦታ ፍሳሹ በፓምፕ ይገፋል። ዋይፕሱ በፓምፑ ሽክርክሪት ላይ እንደ ገመድ ይጎነጎናል፤ ሞተሩ ይግላል፣ ይቆማል፤ ሠራተኛ ከፍቶ በቢላ እየቆረጠ ያወጣዋል። በአሜሪካ የደቡብ ካሮላይናዋ ቻርልስተን ከተማ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 ከዚህም የከፋ ነገር ገጥሟታል። ፓምፖቹ ሲታነቁ ጠላቂ ዋናተኞች 25 ሜትር ያህል ወደሚጠልቀው የጥሬ ፍሳሽ ጉድጓድ ወረዱ። እዚያ ውስጥ የሚታይ ነገር የለም፤ በእጃቸው እየዳበሱ ፈልገው የተጎነጎነ የዋይፕስ ክምር አወጡ። የከተማዋ ውሃ ድርጅት ፎቶግራፉን ለሕዝብ አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ አምራቾቹንና ቸርቻሪዎቹን ከሰሰ። ከተከሳሾቹ አንዱ የሆነው ኪምበርሊ ክላርክ ጉዳዩን በስምምነት ሲዘጋ፣ መጸዳጃ ውስጥ ይጣላሉ የሚላቸው ዋይፕሶች የፍሳሽ ድርጅቶች ራሳቸው ያወጡትን ጠበቅ ያለ መስፈርት እንዲያሟሉ ተስማምቷል።

«የማን መስፈርት?» የሚለው የክርክሩ እምብርት ነው። ለረጅም ጊዜ አንድ ዋይፕስ መጸዳጃ ውስጥ ሊጣል ይችላል ወይም አይችልም የሚባለው የአምራቾቹ ማኅበራት ባዘጋጁት መመሪያ ነበር። በአንደኛው ፈተና ዋይፕሱ ውሃ ባለበት ሣጥን ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይናጣል፣ ከዚያም የተበታተነው ክፍል ይመዘናል። የፍሳሽ ሠራተኞች ቅሬታ ቀላል ነው፦ እውነተኛ ቱቦ እንደዚያ አይንጥም። ውሃው ሲበዛ በፍጥነት ያልፋል፣ ሲያንስ ያዘግማል፤ ዋይፕሱም ሳይበታተን ፓምፑ ጋ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2019 በቶሮንቶ የሚገኘውና ያኔ ራየርሰን ይባል የነበረው ዩኒቨርሲቲ 101 የአንድ ጊዜ መገልገያ ምርቶችን ፈትኖ ነበር። 23ቱ «መጸዳጃ ውስጥ ይጣላል» የሚል ጽሑፍ ነበረባቸው። ከእነዚህ አንዱም ለመስመሩ ስጋት በማይሆን መልኩ አልተበታተነም።

አምራቾቹም መከራከሪያ አላቸው፤ ፈጽሞ ውኃ የማያነሳ አይደለም። ቱቦ የሚዘጋው በአብዛኛው «ይጣላል» የተባለው ሳይሆን ማንም ይጣል ያላለው የሕፃናት ዋይፕስ ነው ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የእንግሊዝ የውሃ ድርጅቶች ማኅበር ያስጠናው ጥናትም ከተዘጉ መስመሮች ወጥቶ ምንነቱ ሊለይ ከቻለው ነገር 93 በመቶ ያህሉ ዋይፕስ መሆኑን፣ ከዚያም የሚበዛው የሕፃናት ዋይፕስ መሆኑን አሳይቷል። የሽንት ቤት ሶፍት ከ1 በመቶ በታች ነበር። እኔ ግን ይህ አምራቾቹን ነፃ ያወጣል አልልም። ሁለቱ ዓይነቶች በአንድ መደርደሪያ፣ በሚመሳሰል እሽግ፣ በሚመሳሰል ሽታ ይሸጣሉ። አንደኛው ይጣላል ከተባለ ሌላውም ይጣላል ብሎ የሚያስበውን እናት ወይም አባት መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

በፍርድ ቤት ማስረጃ ማቅረብ ግን ከባድ ሆኗል። ከቱቦ የወጣ የተጎነጎነ ጨርቅ የአምራቹን ስም አይናገርም። የአውስትራሊያ የሸማቾች ጠባቂ መሥሪያ ቤት ፔንታል የተባለውን ድርጅት ዋይፕሱ መጸዳጃ ውስጥ ይጣላል በማለቱ ከስሶ እ.ኤ.አ. በ2018 የ700,000 የአውስትራሊያ ዶላር ቅጣት አስወስኗል። በኪምበርሊ ክላርክ ላይ ያቀረበው ክስ ግን በ2019 ውድቅ ተደረገ፤ ይግባኙም አልሰመረም። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲም እ.ኤ.አ. በ2016 «ይጣላል» በሚለው ስያሜ ላይ ገደብ የሚጥል ሕግ ብታወጣ ይኸው ኩባንያ ፍርድ ቤት ሄዶ ሕጉ እንዳይፈጸምበት የእግድ ትእዛዝ አግኝቷል። የተሻለ ውጤት ያመጣው ሌላ መንገድ ነው፤ የዋሽንግተን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2020፣ ካሊፎርኒያ በ2021 ባወጧቸው ሕጎች ለመጣል ያልተሠራ ዋይፕስ እሽጉ ላይ «መጸዳጃ ውስጥ አትጣሉ» የሚል ጉልህ ምልክት እንዲኖረው አስገደዱ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የምትኖሩም ከ2021 ወዲህ ፕላስቲክ ባለባቸው ዋይፕሶች እሽግ ላይ የኤሊ ሥዕል ያለበት ማስጠንቀቂያ ሳታዩ አትቀሩም።

ፕላስቲኩ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከባድ ዝናብ ሲጥልና መስመሩ ሲሞላ ፍሳሹ ወደ ወንዝ ይለቀቃል፤ ዋይፕሱም አብሮ ይወጣል። በለንደን ሃመርስሚዝ ድልድይ አቅራቢያ የቴምዝ ዳርቻ ላይ ዋይፕስ ከደለል ጋር ተደባልቆ የወንዙን ወለል ቅርጽ እስከ መለወጥ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ከመቶ ቶን በላይ በማሽን ተጠርጎ ወጥቷል። በዚያው ዓመት እንግሊዝ ፕላስቲክ ያለበትን ዋይፕስ መሸጥ የሚከለክል ደንብ አወጣች፤ ተግባራዊ የሚሆነው በ2027 ነው። መልካም እርምጃ ነው፤ ነገር ግን ፕላስቲክ የሌለውም ቢሆን ሳይበታተን ቱቦ ከገባ ያው ይዘጋል። «ይበሰብሳል» እና «ይጣላል» አንድ አይደሉም፤ በወራት የሚበሰብስ ጨርቅ ፓምፑ ጋ የሚደርሰው በሰዓታት ውስጥ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ሁኔታው ይለያል፣ ጉዳቱ ግን አይለይም። በአዲስ አበባ የቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ ተስፋፍቶ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ የማጣራት አቅም ቢኖረውም፣ አብዛኛው የከተማው ቤት ገና ከመስመሩ ጋር አልተገናኘም። ሴፕቲክ ታንክ ወይም ጉድጓድ ይጠቀማል፤ ሲሞላም መኪና ጠርቶ ያስመጥጣል። ዋይፕስ፣ ሞዴስና ዳይፐር የተጣለበት ጉድጓድ ቶሎ ይሞላል፤ የመኪናው ቱቦም ሲመጥ ይታነቃል። ኮንዶሚኒየም ላይ ደግሞ ነገሩ የጎረቤት ጉዳይ ይሆናል። ከአራተኛ ፎቅ የተጣለው የጋራው ማንሆል ላይ ሲጠለፍ ፍሳሹ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚፈላው ምድር ቤት ያለው ሰው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው። ጥፋተኛው አይታወቅም፤ ማስከፈቻውን የሚያዋጣው ግን ሁሉም ነዋሪ ነው። ወደ አገር የሚገቡት እሽጎችም በአብዛኛው ጽሑፋቸው በውጭ ቋንቋ ስለሆነ ማስጠንቀቂያ ቢኖራቸው እንኳ ለብዙው ገዢ አይነበብም። የደረጃ ጉዳይ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች እሽጉ ላይ በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች «መጸዳጃ ውስጥ አይጣልም» የሚል ጽሑፍ እንዲኖር ቢያስገድዱ ወጪው ትንሽ ነው፤ የመስመር ዝርጋታው ገና እየተስፋፋ ባለበት በዚህ ጊዜ መሆኑ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል።

እስከዚያው እያንዳንዳችን ማድረግ የምንችለው አለ። መጸዳጃ ውስጥ የሚገባው ሽንት፣ ዓይነ ምድርና የሽንት ቤት ሶፍት ብቻ ይሁን። እሽጉ ምንም ይበል ምን ዋይፕሱን አትጣሉ። መጸዳጃው አጠገብ ክዳን ያለው ትንሽ የቆሻሻ ቅርጫት አኑሩ፤ ልጆችን፣ እንግዶችንና ቤት ውስጥ የሚያግዟችሁን ሰዎች ንገሩ። የተረፈ የመጥበሻ ዘይትንም ሲንክ ውስጥ አትድፉ፤ በጠርሙስ አጠራቅማችሁ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር አስወግዱ።