ጦር ሜዳው ሩቅ፣ ዕዳው ቅርብ

የባዕድ ሠራዊት ድንበር ተሻግሮ በአንድ አገር ጦርነት ውስጥ እጁን ሲያስገባ፣ ጉዳቱ ተኩስ በሚሰማበት ሥፍራ ብቻ ተወስኖ አይቀርም። የመከራው የመጀመሪያና ከባድ ክፍል የሚወድቀው በጦር ሜዳው ሕዝብ ላይ መሆኑ አያጠያይቅም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ከተቀሰቀሰ በኋላ የኤርትራ ሠራዊት ትግራይ ገባ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በዚያው ዓመት መጋቢት ባወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት፣ ኅዳር 19 እና 20 ቀን በአክሱም ከመቶ በላይ ሲቪሎች በኤርትራ ወታደሮች መገደላቸውን አስታውቋል።

ዳሩ ግን ዕዳው በዚያ አላበቃም፤ በደቡብ አቅጣጫ ተጉዞ ሐዋሳ ደረሰ።

ሐምሌ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመሠረተው በልብስ ስፌት ላይ ነበር። ከሠራተኞቹ አብዛኞቹ ከሲዳማና ከአጎራባች ገጠሮች የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። በ2011 ዓ.ም. ገደማ መነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር ያህል ነበር። ቤት በጋራ ተከራይተው፣ ከዚያችው ለወላጅ የሚልኩ ብዙ ነበሩ። የሚሰፉት ልብስ አሜሪካ የሚገባው አጎዋ በተባለው ሕግ ከቀረጥ ነጻ ሆኖ ነበር።

ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ኢትዮጵያን ከአጎዋ ለማስወጣት መወሰኑን አስታወቀ። ምክንያት ያደረገውም የኢትዮጵያ መንግሥትና ሌሎች ወገኖች በጦርነቱ ፈጽመውታል ያለውን ከባድ የሰብአዊ መብት ጥሰት ነው። ውሳኔው ታኅሣሥ 23 ቀን ተፈጻሚ ሆነ። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒቪኤች በበኩሉ፣ የግጭቱን መባባስ ጠቅሶ በፓርኩ ያለውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ ያሳወቀው ገና በኅዳር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ይነሳል፤ የተቀጣው ማን ነው? ጥፋቱን የፈጸመው ጠመንጃ የያዘው ሲሆን፣ ቅጣቱ ያረፈው መርፌ በያዘችው ላይ ነው። ጦርነቱን አላወጀችም፤ የባዕድ ጦር ይግባ ሲባል አልተጠየቀችም፤ በዋሽንግተን ውሳኔው ሲተላለፍም የሚናገርላት አልነበረም።

ልክ በዓመቱ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት ተፈረመ። የቀረጥ ነጻው በር ግን በቀጣዮቹም ዓመታት ተዘግቶ ቆየ። ጠመንጃ በአንድ ፊርማ ዝም ይላል፤ የሄደ ገበያና የተበተነ ሠራተኛ ግን በፊርማ አይመለስም።

ስለዚህ የጦርነት ዋጋ በግንባር ብቻ ሊሰላ አይገባውም። ስለ ጦርም ሆነ ስለ ማዕቀብ የሚመክሩ ሁሉ፣ ከመወሰናቸው በፊት የሠርቶ አደሯን የወር ደመወዝ በሒሳቡ ውስጥ ሊያስገቡ ይገባል።