አሸናፊው ያፈረሰው ሻምፒዮና

በ1998 የኤፍ አይ ኤ ጂቲ የመኪና እሽቅድምድም ሻምፒዮና አሥር ውድድሮች ነበሩት (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አሥሩንም መርሴዲስ አሸነፈ። ለጀርመኑ ፋብሪካ ድል፣ ለአዘጋጁ ለፈረንሳዊው ስቴፋን ራቴል ግን መርዶ ነበር። ዘወትር አንዱ ብቻ ወደሚያሸንፍበት ሜዳ ማን ሊሸነፍ ይመጣል? ተፎካካሪዎች ሸሹ፤ በመጨረሻም አሸናፊው ራሱ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። የ1999 ውድድር ሲቃረብ ከፍተኛው ምድብ፣ ጂቲ1፣ ባዶ ነበር።

አጀማመሩ ግን ያማረ ነበር። ራቴል በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ለአነስተኛዋ የፈረንሳይ መኪና ቬንቱሪ ብቻ የተዘጋጀ ውድድር ሲመራ አንድ ነገር አስተዋለ። ሀብት የተረፋቸው፣ ፍጥነት የሚወዱ፣ ሙያቸው ግን መንዳት ያልሆነ ሰዎች ለመወዳደር ከኪሳቸው ይከፍላሉ። በ1994 ከዩርገን ባርት እና ከፓትሪክ ፒተር ጋር ሆኖ ቢ ፒ አር የተባለውን ውድድር ጀመረ። ፌራሪ ያለውም ፖርሽ ያለውም መጣ፤ በዓመቱ ማክላረን ኤፍ1 ሲጨመር ሜዳው ደመቀ።

ድምቀቱ ትላልቆቹን ጠራ። በ1996 ፖርሽ ለውድድር ብሎ የሠራውን 911 ጂቲ1 ይዞ ወደ ብራንድስ ሃች የውድድር ሜዳ መጣ፤ በመጣበት ዕለት አሸነፈ። በ1997 ውድድሩ የኤፍ አይ ኤ ሻምፒዮና ሲሆን መርሴዲስ ተከተለ። አዘጋጆቹ የታያቸው ሳሩ ነበር፤ ገደሉ ከፊታቸው ነበር።

ከውድቀቱ በኋላ ራቴል በስሙ የተሰየመውን ኩባንያ፣ ኤስ አር ኦን፣ ይዞ ከሥር ጀመረ። ከፍተኛው ምድብ ቀርቶ በዋናነት የግል ቡድኖች በሚነዷቸው ቫይፐር በተባሉ መኪኖች ሻምፒዮናውን አቆመ። በ2001 ደግሞ ዕድል በሩን አንኳኳች። እየተዳከመ የነበረው የቤልጅየሙ የስፓ 24 ሰዓት ውድድር የጂቲ መኪኖችን ተቀብሎ ወደ ሻምፒዮናው ገባ። ቢሆንም ዋናው ጥያቄ አልተፈታም፤ ነገ ሌላ ባለጸጋ ፋብሪካ መጥቶ ሁሉን ቢያሸንፍስ?

መልሱ ለካ ከዓይን ሥር ነበር። እንደ ፖርሽና ፌራሪ ያሉ ኩባንያዎች ለደንበኞቻቸው የውድድር መኪና ይሸጡ ነበር፤ ግን እያንዳንዱ መኪና የሚሮጠው ከመሰሉ ጋር ብቻ ነበር። ለምን አንድ ሜዳ ላይ አይገናኙም? አይመጣጠኑማ! አዘጋጁ ያመጣጥናቸዋ፦ መኪኖቹን አስሩጦ ይለካል፣ በፈጠነው ላይ ክብደት ይጭናል፣ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ያጠብባል። ምርጡን ለመሥራት ሌሊቱን ሲደክም ለሚያድር መሐንዲስ ይህ ስድብ ይመስላል። ነገር ግን ማንም በገንዘቡ ብዛት ብቻ ሜዳውን እንዳይቆጣጠር የሚያደርግ ሌላ መንገድ አልተገኘም ነበር።

በግንቦት 2006 ሲልቨርስቶን ላይ አዲሱ ምድብ፣ ጂቲ3፣ ተጀመረ። አስቶን ማርቲን፣ ላምቦርጊኒ፣ ኮርቬት፣ ማዜራቲና ሌሎችም ጎን ለጎን ተሰለፉ። ሠራ!

የሚገርመው፣ ራቴል ያገኘውን መልስ ይዞ ሳለ ትልቁን ሕልም አልተወም። በ2010 በውዱ የጂቲ1 መኪና የዓለም ሻምፒዮና አቋቋመ። መኪና የሚያቀርብ እየጠፋ ሄደ። በ2012 ሻምፒዮናው በስሙ ጂቲ1 ሆኖ የሮጠው በጂቲ3 መኪኖች ነበር፤ ከዚያም ተዘጋ።

ኤስ አር ኦን ያሳደገው ያው ርካሹ ምድብ፣ ጂቲ3፣ ነው። በ2011 የአውሮፓ የረጅም ሰዓት ውድድር፣ በ2016 አህጉራትን የሚያገናኝ ውድድር ተከተሉ፤ በ2018 ኩባንያው ወርልድ ቻሌንጅ የተባለውን የአሜሪካ ውድድር ያዘ። ስፓ ዛሬ ከ60 በላይ የጂቲ3 መኪኖች የሚሰለፉበት ሜዳ ነው። በ2024 ዝነኛው የሌ ማን ውድድር እንኳ የጂቲ ምድቡን በጂቲ3 መኪኖች ላይ መሠረተ፤ የዚያ ውድድር አዘጋጅ ግን ኤስ አር ኦ አይደለም።