ሕፃኑን ማን ይያዝ?

ይህን የምታነቡትም፣ ሲነበብላችሁ የምትሰሙትም፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እናት ለአረም ወይም ለአጨዳ ስትወጣ ቤት የቀረውን ሕፃን የሚይዘው ማነው? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። አያት ካለች እሰየው። ከሌለች ሰባት ስምንት ዓመት የሆናት ታላቅ እህቱ አዝላው ትውላለች፤ እኩዮቿ ደብተር ይዘው ሲያልፉ ከደጃፍ ቆማ ታያለች። እሷም ከሌለች ሕፃኑ ከምድጃው አጠገብ ብቻውን ይቀራል። የፍምና የፈላ ውኃ ጠባሳ ያለበትን ልጅ በየቀዬው አይታችኋል፤ እኔ ልነግራችሁ አያስፈልግም።

ነገሩ የዛሬ ብቻ አይደለም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ሲጀመር ብዙ እናቶች ፊደል የቆጠሩት ልጅ አዝለው ነበር። ሕፃኑ ሲያለቅስ እናት ትወጣለች፣ ትምህርቱ ያመልጣታል። «ሴቶች ለምን ይቀራሉ?» ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፤ ልጁን ልያዝልሽ የሚል ግን ጥቂት ነው።

በዚያ ዘመን በየከተማው ቀበሌና በአንዳንድ ገበሬ ማኅበር መዋዕለ ሕፃናት ተከፍተው ነበር። ኋላ በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሲወጣ ሥራው በአብዛኛው ለግል ባለሀብት፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለእርዳታ ድርጅቶች ቀረ። እነሱ ደግሞ የሚበዙት ከተማ ነው፤ ብዙዎቹም ያስከፍላሉ። የገበሬ ልጅ ከየት አምጥቶ ይክፈል?

መንግሥት ወደ ነገሩ ጠበቅ አድርጎ የተመለሰው በ2002 ዓ.ም. ነው። ትምህርት ሚኒስቴር፣ ጤና ጥበቃና ሴቶች ጉዳይ በአንድነት የሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ። ከዚያ ወዲህ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ «ኦ ክፍል» ተከፈተ፤ ዜሮ ክፍልም ይሉታል። ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ አንድ ዓመት ተጫውቶ፣ ፊደልና ቁጥር ለምዶ አንደኛ ክፍል ይገባል። ይህን ላላገኙም መላ ተፈልጓል፦ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በክረምት፣ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት፣ በሁለት ወር ውስጥ 150 ሰዓት ተምረው እንዲዘጋጁ ተደርጓል። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎታል።

ወረቀቱ ጥሩ ነው። ክፍሉን ግን ገብታችሁ እዩት። ብዙ ቦታ ልጆቹ ተጨናንቀዋል፣ መጫወቻ የለም፣ ለሕፃን የሚሆን ሥልጠና ያላገኘ መምህር የትልልቆቹን ትምህርት ያስተምራቸዋል። የስድስት ዓመት ልጅ ቀኑን ሙሉ «ሀ ሁ» እያለ አይቀመጥም! በጭቃ በሬ ይሠራል፣ በጠጠር ይቆጥራል፣ ተረት ይሰማል። ይህ ሁሉ ደግሞ እናንተ ቤት በነፃ ያለ ነገር ነው። የጭቃ መደብ ለመሥራት፣ ዳስ ለመጣል፣ ተረት የሚያውቁ አዛውንት በሳምንት አንድ ቀን ለመጋበዝ የወረዳ ደብዳቤ አይጠበቅም። የመምህሩ ደመወዝና ሥልጠና ግን የመንግሥት ድርሻ ነውና፣ እሱን ደግሞ መጠየቅ ነው።

ኦ ክፍል የማይደርስላቸው ትንንሾቹስ? ሴፍቲኔት ባለበት ቀበሌ መልስ አለ፤ ብዙ ሰው ግን አይሰማውም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከማኅበረሰብ ሥራው ወጥታ ቀጥታ ድጋፍ እንድታገኝ በፕሮግራሙ መመሪያ ተደንግጓል። ለሌሎቹም እናቶች ከሥራው ቦታ አጠገብ የሕፃናት ማቆያ እንዲዘጋጅ፣ ልጆቹን የምትጠብቀው ሴት ጥበቃዋ እንደ ሥራ ቀን እንዲቆጠርላት ይፈቅዳል። ድንጋይ መሸከም ሥራ ከሆነ ሕፃን መሸከም ለምን አይሆንም? ለሕፃናቱ ጥላ፣ ንጹሕ ውኃና አንዲት ነቃ ያለች ሴት ካሉ ይጀመራል።

ስለዚህ በሚመጣው የቀበሌ ስብሰባ እጃችሁን አውጡና ጠይቁ፦ የኛ ማቆያ የት ነው? የምትጠብቀዋ ሴት ቀን ይመዘገባል ወይ? ለኦ ክፍል ምዝገባው መቼ ነው? ለምዝገባው ልጁን ስትወስዱ፣ ሕፃን አዝላ የቀረችዋን ታላቅ እህቱንም አብራችሁ ውሰዷት፤ እሷም ገና አልተመዘገበችም።