ማጭድ ያነሣችው ሴት በሸራ ላይ

ፊልም ከመጀመሩ በፊት በሸራው ላይ ለጥቂት ሰከንዶች የሚታየውን የስቱዲዮ ዐርማ ብዙው ተመልካች እንደ ተራ ማኅተም ቆጥሮ ያልፈዋል። ይሁን እንጂ ፊልሙን የሠራው ተቋም ማንን ከፍ አድርጎ ለማሳየት እንደመረጠ ዐርማው አስቀድሞ ይናገራል። የሆሊዉዱ ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር አንበሳን መረጠ። ሃዋርድ ዲትዝ እ.ኤ.አ. በ1916 ለጎልድዊን ኩባንያ ያወጣው ይህ ዐርማ በ1924 ወደ አዲሱ ስቱዲዮ ተሸጋግሮ በ1928 ግሣቱ በድምፅ ተሰማ። አንበሳ የዙፋን ምልክት ሆኖ በኖረባት አገራችን ይህ ዐርማ እንግዳ አይመስልም። የሌኒንግራዱ ሌንፊልም ደግሞ የታላቁ ጴጥሮስን የፈረስ ሐውልት ያዘ፤ አብዮት የፈነዳባት ከተማ ስቱዲዮ በንጉሥ ምስል መታተሙ የታሪክ ምፀት ነው።

የሞስፊልም ዐርማ ግን ወዛደሩንና የኅብረት እርሻ ገበሬዋን ያሳያል። ቀራፂዋ ቬራ ሙኺና ይህን 24 ሜትር ተኩል ገደማ ቁመት ያለው የብረት ሐውልት የሠራችው በ1937 በፓሪስ ለተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ነበር። ቦሪስ ዮፋን በነደፈው የሶቪየት ድንኳን አናት ላይ፣ አልበርት ሽፔር ከሠራው የናዚ ጀርመን ድንኳን ፊት ለፊት ቆመ። ከዚያ ወደ ሞስኮ ተመልሶ በአጭር መሠረት ላይ ተተከለ፤ ሙኺናም በዚህ እጅግ አዘነች። ቁመቱን የመለሰለት ሲኒማው ነው። በ1947 በግሪጎሪ አሌክሳንድሮቭ «ፀደይ» ፊልም መግቢያ ላይ ሁለቱ ምስሎች መዶሻና ማጭዳቸውን እንዳነሡ ወደ ተመልካቹ ሲዞሩ ታዩ፤ ከበስተጀርባም የክሬምሊኑ የስፓስካያ ግንብ አለ። ከዚያ ወዲህ ጥቁርና ነጩ በቀለም ተተካ፣ ፊደሉም ተለወጠ፤ ሶቪየት ኅብረት በ1991 ከፈረሰች በኋላም ሁለቱ ምስሎች ከቦታቸው አልተነቀነቁም። ሐውልቱ ራሱ በረጅም መሠረት ላይ ዳግም የቆመው በ2009 ነው።

ታዲያ ይህ ጉዳይ ለሰቆጣ ምኗ ነው? የዋግ ሴት ሞፈር ባትይዝም በአጨዳ ወራት ማጭድ ትይዛለች። ሆኖም የዋግና የአካባቢው ገበሬ በዓለም ሸራ ላይ የታየው በዚህ መልኩ አይደለም። ጥቅምት 1977 ዓ.ም. ማይክል በርክና ካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ከኮረም ያስተላለፉት ዘገባ በቢቢሲ ሲቀርብ፣ ዓለም ያየው መሬት ላይ የተቀመጠና የተኛ ረኀብተኛ ነበር። ምስሉ እውነት ነበር፤ የብዙዎችን ሕይወት ለማዳን የረዳ ርዳታም ቀሰቀሰ። ግን ለብዙ ዓመታት ሌላ ምስል አልተከተለውም።

በዚያው ሰሞን፣ ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ በአዲስ አበባ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ተከብሮ የትግላችን ሐውልት ተመርቆ ነበር። ሠርቶ አደሩን በነሐስ ከፍ አድርጎ ማቆምና በኮረም ሜዳ ከሞት ማዳን ሁለት የተለያዩ ተግባራት መሆናቸውን ያ መስከረም በግልጽ አሳይቷል። የሙኺናም ገበሬ ብትሆን ከዚህ ጥያቄ አታመልጥም። በፓሪስ ማጭዷን ስታነሣ፣ የ1932 እና 1933 ረኀብ በዩክሬንና በሌሎች የሶቪየት ግዛቶች ሚሊዮኖችን ከፈጀ ገና አራት ዓመት ነበር። ዐርማው ውብ መሆኑን የማይክድ ሰውም ይህን ሊዘነጋ አይገባም።

ኃይሌ ገሪማ በ1974 ቀርጾ በ1976 ለእይታ ያበቃው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ገበሬውን በሌላ ዓይን ተመልክቶታል፤ በጥቁርና ነጭ፣ ያለ ጥድፊያ፣ ባላባቱ ተቀምጦ እየተቆጣ እርሱ ሲሠራ። እዚህ ፊልም ውስጥ ገበሬ የጉልበት ባለቤት ነው፣ ይናገራልም። ከዋግ ሕምራ ተነሥቶ ፊልም የሚሠራ ወጣት የራሱን ዐርማ ሲያስብ ከፓሪሱ ብረት ይልቅ ከዚህ መነሣት ይቀለው ይመስለኛል። በገብስ ማሳ ላይ ማጭድ ወደ ሰማይ አይነሣም፤ አጫጁ ጎንበስ ይላል፣ በግራ እጁ አገዳውን ይጨብጣል፣ ማጭዱም ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ያልፋል።